«ባዶ መሬት» ወይስ የሕዝብ ሜዳ? በአዊ ከተሞች ሰፋፊ ክፍት ሥፍራዎችን ለሕዝብ የማቆየትና የማስመለስ ጉዳይ

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ርዕሰ ከተማ የሆነችው እንጅባራ በፈረሰኞች ትሞላለች። ከየወረዳው የሚመጡት የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር አባላት ፈረሶቻቸውን በግላስና በኮርቻ አስጊጠው በመሰለፍ ሽምጥ ይጋልባሉ፣ ጉግስ ይጫወታሉ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበር በዓድዋ ድልና በአምስቱ ዓመት የፀረ ፋሽስት ተጋድሎ ከአርበኛው ጋር የዘመተውን ፈረስ ውለታ ሲዘክር የኖረ ነው። አባላቱ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ፈረስ በአካባቢው ዛሬም ከበዓል ባሻገር በእርሻ፣ በሠርግና በለቅሶ አገልግሎቱ የጎላ ነው።

ይህ ትዕይንት ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው አንድ ነገር ሰፊ ሜዳ ነው። ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ በግቢና በአደባባይ መካከል የሚገታ አይደለም። መነሻና መድረሻ፣ ለተመልካችም መቆሚያ ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሜዳ ከበዓሉ ቀን ውጪ ለሚያየው ሰው ምንም ያልተሠራበት መስሎ ይታያል። በሕዝቡ አነጋገር «ሜዳ» የሚባለው ቦታ በመሬት ፈላጊው ዓይን «ባዶ መሬት» ይሆናል። የአንድ ከተማ የነገ መልክ የሚወሰነውም በአመዛኙ ከእነዚህ ሁለት ስሞች የትኛው በመዝገብ ላይ እንደሚሰፍር ነው።

የመሬት ጥያቄው ከየት ይመጣል?

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ እንጅባራም ሆነች ዳንግላ እያንዳንዳቸው ከ20 ሺህ በላይ ነዋሪዎች ነበሯቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ከተሞች ሰፍተዋል። ቀድሞ ኮሶበር በሚለው ስሟም የምትታወቀው እንጅባራ የብሔረሰብ አስተዳደሩ መቀመጫ ከመሆኗ በተጨማሪ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ወደ ቻግኒ ከሚያመራው ጋር የሚገናኝባት ናት። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ሥራ መጀመርም በከተማዋ የመኖሪያ ቤትና የአገልግሎት ፍላጎትን አሳድጓል። ዳንግላም በዚሁ አውራ መንገድ ላይ የምትገኝ የቆየች የንግድ ከተማ ስትሆን፣ ቀደም ባሉት ዓመታት የእንግሊዝ ቆንስላ መቀመጫ እንደነበረች በታሪክ ይታወቃል።

በአውራ መንገድ ዳር የተመሠረቱ ከተሞች በተለምዶ መንገዱን ተከትለው ወደ ርዝመት ያድጋሉ። ፊት ለፊቱ በሱቅና በሆቴል ሲሞላ ከጀርባ የቀሩት ሜዳዎች፣ የገበያ ሥፍራዎችና የወንዝ ዳርቻዎች ለቤት መሥሪያ፣ ለመጋዘንና ለመሥሪያ ቤት ግንባታ ይታጫሉ። በገጠሩም በኩል ቢሆን ሁኔታው ተለውጧል። በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ለከሰል ምርት የሚውለው የዲከረንስ ዛፍ ልማት ለአርሶ አደሩ ጥሩ ገቢ በማስገኘቱ፣ ቀድሞ ሰብል ይዘራበት የነበረ ሰፊ መሬት በዛፍ ተሸፍኗል። በመሆኑም ከከተማው ውስጥ በግንባታ፣ ከከተማው ውጪ በዛፍ ልማት የተነሣ ሰው ሊሰበሰብበትና ፈረስ ሊጋልብበት የሚችለው ክፍት ሥፍራ እየጠበበ ይሄዳል።

ክፍት ሥፍራ በፕላን ሙያ ያለው ቦታ

የተባበሩት መንግሥታት የሰው ልጆች መኖሪያ ፕሮግራም አንድ ከተማ ከመሬቱ ከ45 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ለመንገድና ለሕዝብ ክፍት ሥፍራ እንዲመድብ ይመክራል። ከዚህም ውስጥ ከ30 እስከ 35 በመቶው ለመንገድ፣ ከ15 እስከ 20 በመቶው ለክፍት ሥፍራ እንዲውል ነው ምክሩ። በኢትዮጵያ የከተማ ፕላን ዝግጅት የሚታወቀው መርህ ደግሞ 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 30 በመቶውን ለአረንጓዴና ክፍት ሥፍራ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ የሚያውል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቀው የዘላቂ ልማት ግቦች ሰነድም በአሥራ አንደኛው ግብ ሥር፣ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞችን ጨምሮ ሁሉም ሰው ደኅንነቱ የተጠበቀና ተደራሽ የሆነ የሕዝብ ሥፍራ እንዲያገኝ አገሮችን ያሳስባል። ለዚህ መለኪያ ሆኖ የሚያገለግለው ነዋሪው ከቤቱ ተነሥቶ በ400 ሜትር የእግር መንገድ ውስጥ የሕዝብ ሥፍራ ማግኘት መቻሉ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ያለ ምክንያት የተቀመጡ አይደሉም። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ክረምቷ የረዘመ ዝናባማ ከተማ ናት። በዚህ ዓይነት ሥፍራ በሣር የተሸፈነ መሬት የዝናቡን ውኃ ወደ ውስጥ ያሰርጋል። ጣሪያና ኮብልስቶን የለበሰ መሬት ግን ውኃውን ወደ ቦይ፣ ቦዩ ሲሞላም ወደ ዝቅተኛው መንደር ያወርደዋል። ስለዚህ ሜዳው ሲሸነሸን ማዘጋጃ ቤቱ መሬት ከመስጠቱ ጎን ለጎን ለጎርፍ ማስወገጃ ተጨማሪ ወጪ ይገባል። በሌላ በኩል እሳት፣ ጎርፍ ወይም ወረርሽኝ በሚከሠትበት ወቅት ሕዝብ የሚሰበሰብበትና ጊዜያዊ አገልግሎት የሚሰጥበት ቦታም ይኸው ሜዳ ነው።

የአንድ ሄክታር ስሌት

ጉዳዩን በቁጥር ማየት ለውሳኔ ይረዳል። አንድ ሄክታር 10 ሺህ ካሬ ሜትር ነው። ከዚህ 30 በመቶው ለውስጥ ለውስጥ መንገድ ቢቀነስ 7 ሺህ ካሬ ሜትር ይቀራል። ይህም በነፍስ ወከፍ 200 ካሬ ሜትር ቢሸነሸን 35 ቦታ ብቻ ይወጣዋል። አንድ ሄክታር ሜዳ በተሰጠ ቁጥር 35 አባወራዎች ቤት መሥሪያ ሲያገኙ፣ ሜዳውን ለኳስ፣ ለበዓል፣ ለስብሰባና ለለቅሶ ይጠቀምበት የነበረው የብዙ ሺህ ሰው ከተማ መሰብሰቢያውን ያጣል ማለት ነው። የቤት መሥሪያ ፍላጎት እውነተኛና አጣዳፊ እንደሆነ አያጠያይቅም። ሆኖም ለመኖሪያ የሚሆን ሌላ መሬት በፕላን ሊዘጋጅ ሲችል፣ በከተማ መሐል ያለ ሰፊ ሜዳ ግን ሌላ ቦታ ሊሠራ አይችልም።

መልሶ የማግኘት ዋጋውም ከማቆየት ዋጋው ጋር የሚወዳደር አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ለንብረት፣ ለመፈናቀልና ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ እንዲከፈል ደንግጓል። ይህም ተነሺውን የሚጠብቅ ተገቢ ድንጋጌ ነው። ነገር ግን ዛሬ ያለ ምንም ወጪ ሊጠበቅ የሚችለውን ሜዳ ነገ ለማስመለስ ከተማው የሠላሳ አምስት ቤት ካሳና ምትክ ቦታ ማቅረብ ይኖርበታል። በበጀት ዓይን ሲታይ ርካሹ የሕዝብ ሥፍራ ከመጀመሪያውኑ ያልተሰጠው ነው።

ከአዲስ አበባ የሚገኝ ትምህርት

ክፍት ሥፍራ ከሕዝብ እጅ የሚወጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሲታጠር፣ ሁለተኛው ለጊዜው ተብሎ ለሌላ አገልግሎት ሲውል ነው። አዲስ አበባ የሁለቱንም ምሳሌ ታሳያለች።

በፒያሳ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት የነበረው ሰፊ ቦታ ለልማት ተብሎ ከተሰጠ በኋላ ሳይገነባበት ለረጅም ዓመታት በቆርቆሮ ታጥሮ ቆይቷል። በ2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ለዓመታት ታጥረው የቆዩ በድምሩ ከ400 ሄክታር በላይ የሚሆኑ ቦታዎችን ወደ መሬት ባንክ እንዲመለሱ ባደረገበት ወቅት ይህም ቦታ ተመለሰ። በኋላም የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተገንብቶበት በየካቲት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል። የዓድዋን ፈረስ በየዓመቱ ለሚዘክረው የአዊ ሕዝብ ይህ ምሳሌ የቅርብ ነው። ትምህርቱም ግልጽ ነው፤ አንድ ቦታ በሊዝ ወይም በምደባ ሲሰጥ ግንባታው የሚጀመርበት ጊዜ ካልተወሰነና ክትትል ካልተደረገበት፣ የግልም የሕዝብም ሳይሆን አንድ ትውልድ ሊያልፈው ይችላል።

ሁለተኛው ምሳሌ ጃን ሜዳ ነው። የኮሮና ወረርሽኝ በገባበት በ2012 ዓ.ም. በፒያሳ የነበረው የአትክልት ተራ ገበያ መጨናነቅን ለማስቀረት ሲባል ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ውሳኔው በወቅቱ ለሕዝብ ጤና የተወሰደ ነበር። ነገር ግን የጥምቀት በዓል ማክበሪያና የአትሌቲክስ ውድድር መድረክ የሆነው ሜዳ ብዙም ሳይቆይ በጭቃና በቆሻሻ ተሞላ። በ2013 ዓ.ም. ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ከተነሣ በኋላ ሜዳው በጽዳት ዘመቻ ተስተካክሎ ጥምቀት በዚያው ዓመት ጥር ወር ላይ በተለመደው ቦታው ሊከበር ችሏል። ሜዳው ሊመለስ የቻለው ባለቤቱ ስለሚታወቅ ነው። የጥምቀት ቀን አይዘልልም፣ ታቦታቱ የሚያርፉበት ቦታ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ሕዝቡም ሜዳውን ይጠይቃል። የጊዜ ገደብ ያልተጻፈለት ጊዜያዊ አገልግሎት ግን እንዲህ ያለ ጠያቂ ከሌለው በቀላሉ ቋሚ ይሆናል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

በጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1989 በናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ለመገንባት ታቅዶ ነበር። በኋላ የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙት ዋንጋሪ ማታይ ዕቅዱን በደብዳቤና በአቤቱታ በመቃወማቸው ገንዘብ አቅራቢዎች ሸሹ፣ ግንባታውም ቀረ። ፓርኩ ዛሬም የከተማው ሕዝብ መሰብሰቢያ ነው።

በጀርመን ርዕሰ ከተማ በርሊን ደግሞ የቴምፕልሆፍ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 ከተዘጋ በኋላ ከ300 ሄክታር በላይ የሚሆነው ሜዳ በግንቦት 2010 ለሕዝብ ተከፈተ። ከተማው ከፍተኛ ግንባታ አላካሄደም። የአውሮፕላን መንደርደሪያው የብስክሌትና የእግር መንገድ ሆነ፣ ሣሩ መሐል ወፎች የሚራቡበት ክፍል ተከለለ፣ ለቤተሰብ መዝናኛ የሚሆን ቦታም ተለየ። በዳርቻው ቤት ለመገንባት የቀረበው ሐሳብ በግንቦት 2014 እ.ኤ.አ. በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ሳይጸድቅ ቀረ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለአነስተኛ በጀት ከተሞች የሚጠቅም ነው። ሰፊ ሥፍራን ለሕዝብ መክፈት የግድ ፏፏቴና እምነ በረድ አይጠይቅም። በር መክፈት፣ ወሰን ማስከበር፣ ማጽዳትና ጥላ የሚሆን ዛፍ መትከል በቂ መነሻ ነው።

በአዊ ከተሞች የትኞቹ ቦታዎች ሊታሰቡ ይችላሉ?

እንደ እንጅባራና ዳንግላ ባሉ ከተሞች ሰፋፊ ክፍት ሥፍራዎች በአምስት ሊመደቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያዎቹ የፈረስ ጉግስ፣ የጥምቀት፣ የመስቀልና የሌሎች በዓላት ሜዳዎች ናቸው። እነዚህ ማስመለስ ሳይሆን ማቆየት የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ወሰናቸው ተለክቶ፣ ችካል ተተክሎላቸውና በካርታ ሰፍረው ሊመዘገቡ ይገባል። በተለይ የፈረስ ሜዳ ሲለካ የተመልካቹን መቆሚያ፣ የፈረሶቹን ማረፊያና የመግቢያ መንገዱን መርሳት የለበትም። መሐሉ ቀርቶ ዳር ዳሩ ከተወሰደ ሜዳው በስም እንጂ በአገልግሎት አይኖርም።

ሁለተኛዎቹ የገበያ ሥፍራዎች ናቸው። የገበያ ሜዳ በገበያ ቀን ጢም ብሎ ሞልቶ በቀሩት ቀናት ጭር ይላል። መደቦቹ በአንድ ወገን ቢደራጁ፣ የፍሳሽ መውረጃና መጸዳጃ ቢሠራለት፣ የቀረው ክፍል ለወጣቶች ስፖርትና ለስብሰባ ሊያገለግል ይችላል። አንድ ቦታ ለሁለት አገልግሎት ሲውል ለከተማው የመሬት ቁጠባ ነው።

ሦስተኛዎቹ ተወስደው ያልለሙ ቦታዎች ናቸው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በውል በተወሰነው ጊዜ ግንባታ ያልጀመረ ባለሊዝ ውሉ ተቋርጦ ቦታው እንዲመለስ የሚያደርግ ድንጋጌ ይዞ ነበር የወጣው። ቦታው ሲመለስ ግን ዳግመኛ ለጨረታ ከመቅረቡ በፊት የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ሰፈሩ በአቅራቢያው የሕዝብ ሥፍራ አለው ወይስ የለውም? ከሌለው መልሶ ለግንባታ መስጠት ስህተቱን መድገም ነው።

አራተኛዎቹ ገረጋንቲና ድንጋይ ተቆፍሮ የወጣባቸው ጉድጓዶች፣ የወንዝ ዳርቻዎችና ቆሻሻ የሚጣልባቸው ቦታዎች ናቸው። እነዚህን ለሕዝብ ለመመለስ ቆሻሻው በአግባቡ መነሣት፣ ገደሉ መስተካከልና ዳርቻው በዛፍ መያዝ ይኖርበታል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ለዚህ መልካም አጋጣሚ ነው። ሆኖም የፈረስና የስፖርት ሜዳን ጥቅጥቅ ባለ ችግኝ መሸፈን ሌላ ዓይነት መዝጋት ስለሚሆን፣ ተከላው ከዳር ሆኖ መሐሉ ክፍት መቅረት አለበት።

አምስተኛዎቹ የአሮጌ መጋዘኖችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰፋፊ ግቢዎች ናቸው። ከፊሉን ግቢ አጥሩን ገፋ አድርጎ ለሕዝብ መክፈት አዲስ መሬት ሳይገዙ አረንጓዴ ሥፍራ ማግኘት ነው።

«ባዶ» የተባለው በእርግጥ ባዶ ነው?

ማንኛውም ቦታ ለሕዝብ አገልግሎት ከመከለሉ በፊት ማን እየተጠቀመበት እንደሆነ ማጣራት ያስፈልጋል። በካርታ ላይ ክፍት ሆኖ የሚታይ መሬት የአርሶ አደር የግጦሽ ቦታ፣ የጉሊት ቸርቻሪ እናት መደብ ወይም ወደ ውኃ መቅጃ የሚያደርስ የእግር መንገድ ሊሆን ይችላል። የሕዝብ ሥፍራ ለማስመለስ ሲባል ድሃውን ከመተዳደሪያው ማፈናቀል የዓላማውን ተቃራኒ ማድረግ ነው። ስለሆነም ነባር ተጠቃሚዎች በዕቅዱ ውስጥ ቦታ እንዲያገኙ ወይም በሕግ የተደነገገው ካሳና ምትክ አስቀድሞ እንዲፈጸምላቸው ማድረግ ግዴታ ነው።

በተመሳሳይ ሁኔታ የመግቢያ ክፍያም በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። በክፍያ የሚተዳደሩ ፓርኮች ለጥገናቸው ገቢ እንደሚያገኙ እሙን ነው። ነገር ግን የመግቢያ ዋጋው የቀን ሠራተኛውን ቤተሰብ በር ላይ የሚያስቀር ከሆነ ቦታው ከቆርቆሮ አጥር ወጥቶ ወደ ቲኬት አጥር ገባ እንጂ ለሕዝብ ተመለሰ ሊባል አይችልም። ገቢ ካስፈለገ ከዳር ከሚከራይ የቡናና የሻይ መሸጫ፣ ከፈረስ ግልቢያ አገልግሎትና ከመኪና ማቆሚያ ማግኘት ይቻላል።

ከውሳኔ ሰጪዎች የሚጠበቀው

ከላይ የተዘረዘሩት ተሞክሮዎች በአራት ተግባራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

አንደኛው መመዝገብ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ከተሞች በመዋቅራዊ ፕላንና በአካባቢ ልማት ፕላን እንዲመሩ ይደነግጋል፣ ሕዝቡም በዝግጅቱ እንዲሳተፍ ያደርጋል። በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ በአረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቦታ በአካባቢ ልማት ፕላኑ ወሰን ካልተሰጠውና የይዞታ ማረጋገጫ ካልወጣለት ጥበቃው የወረቀት ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው ኃላፊ መሰየም ነው። የሁሉም የሆነ ቦታ የማንም እንዳይሆን ከከተማው አስተዳደር አንድ የሥራ ክፍል በስም ተጠያቂ መሆን አለበት። ከዚሁ ጋር የፈረሰኞች ማኅበሩ፣ የዕድሮች፣ የሃይማኖት ተቋማት፣ የወጣቶችና የሴቶች ተወካዮች ያሉበት ኮሚቴ ቢቋቋም ሜዳው ዘወትር ጠያቂ ይኖረዋል።

ሦስተኛው በየዕለቱ እንዲያገለግል ማድረግ ነው። በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚታይ ሜዳ በቀሩት ቀናት ለወራሪ ይጋለጣል። የእግር መንገድ፣ መቀመጫ፣ መብራት፣ የመጠጥ ውኃና መጸዳጃ ሲኖረው ግን ተማሪውም አረጋዊውም ይጠብቀዋል። መብራት ያለው ሜዳ በተለይ ለሴቶችና ለልጃገረዶች ደኅንነት ዋስትና ነው።

አራተኛው የጥገና በጀት ነው። የምረቃ ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ሣር የሚያጭድ፣ ቆሻሻ የሚያነሣና አምፖል የሚቀይር ሠራተኛ በዓመታዊ ዕቅድ ካልተያዘ፣ የተመለሰው ቦታ በሁለት ክረምት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከሰማንያ ዓመታት በላይ የዘለቀው ፈረሱን እየመገበ፣ ልጆቹን ግልቢያ እያስተማረና ቀኑን እያከበረ ነው። ይህን ሁሉ ማኅበሩና ሕዝቡ ያለ ማንም ቀስቃሽ ሲያደርጉት ኖረዋል። የማኅበሩ አባላት ብቻቸውን ሊያቆዩት የማይችሉት አንድ ነገር ሜዳው ነው። እርሱ የሚቆየው ወይም የሚጠፋው በማዘጋጃ ቤት ጠረጴዛ ላይ በሚፈረም ደብዳቤ ነው። በመሆኑም የመሬት ጥያቄ ማመልከቻ ሲቀርብለት «ቦታው ባዶ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የሚያነብ ማንኛውም ኃላፊ፣ ከመፈረሙ በፊት ጥር 23 ቀን በዚያ ቦታ ማን እንደሚቆም መጠየቅ ይኖርበታል።